«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው»፤ አስተማሪውስ?

የግልቢያ ትምህርት ቤት ምርጫ በታሪክ ሲመዘን

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለው አባባል እችላለሁ ብሎ ለፎከረ ሰው የሚሰጥ መልስ ነው። ፎካሪው ምክንያት እንዳያበዛ ፈረሱ ይቀርብለታል፤ ሜዳውም ይለቀቅለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ችሎታውን ማሳየት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አባባሉ አንድ ነገር ሳያነሣ ያልፋል። ሰውየው መጋለብን ከማን ተማረ? የት ሆኖ ተማረ? የተማረበት ቦታ ደኅና መሆኑንስ በምን ለየ? ጥያቄው ያልተነሣው መልሱ ለሁሉም ግልጽ ስለ ነበረ ይሆናል። ፈረስ ዋና መጓጓዣና የጦር ኃይል በነበረበት ዘመን ግልቢያ የሚለመደው ከአባት፣ ከአጎት ወይም ከጌታ ቤት ነበር፤ ማንም የግልቢያ ትምህርት ቤት ለመምረጥ ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ልጆችንና አዋቂዎችን በክፍያ ግልቢያ የሚያስተምሩ ማእከሎች አሉ። በደቡብም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ፣ ጎብኚን በፈረስ ማዘዋወርና ግልቢያ ማስተማር እንደ አንድ የሥራ መስክ ሊታሰብ የሚችል ሆኗል። ልጁን ለፈረስ አደራ የሚሰጥ ወላጅም ሆነ ገንዘቡን በዚህ ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ምርጫ ይጠብቀዋል። የምርጫው መመዘኛ ምን ሊሆን እንደሚገባው ለመረዳት፣ የአገራችን ፈረሰኛ በየዘመኑ እንዴት ይማር እንደ ነበረ መመርመር ይጠቅማል። ምርመራውም ከሜዳ ሳይሆን ሜዳ ከሌለበት ቦታ ቢጀመር ይሻላል።

ሜዳ የሌለው የፈረስ አገር

ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን በጌዴብ ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺሕ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ደጋማ ቀበሌ ነው። ስሙ በባሕር ማዶ ቡና ቆይዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ከዚያ የሚለቀመው የታጠበ ቡና በዚሁ ስም ይሸጣል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና ተተክሎ ጓሮው ከጓሮ ይያያዛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ሆኖ ተመዝግቧል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል 700 ሰው ገደማ ይደርሳል። እንዲህ በተጣበበ መሬት ላይ ለፈረስ ግልቢያ ተብሎ የተተወ ሜዳ አይገኝም። ገላጣ ቦታ ቢኖር ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሶንጎ ነው። ሶንጎ ደግሞ የሸንጎና የሥርዐት ቦታ እንጂ የፈረስ መፈተኛ አይደለም።

ያም ሆኖ በጌዴኦ ደጋ ፈረስ አለ። ሰው ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ጭነት ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወራት እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ከማጠቢያ ጣቢያ መድረስ ስላለበት፣ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ቡናው የሚጓጓዘው በሰው፣ በአህያና በፈረስ ጀርባ ነው። በእንዲህ ያለው አገር የሚያድግ ልጅ ሽምጥ መጋለብን አይማርም። የሚማረው በጭቃ ቁልቁለት ላይ ፈረስ እግሩን እስኪያኖር መታገሥን፣ ጠባብ መንገድ ላይ ከሚመጣ ሰው ጋር መተላለፍን፣ ጭነት ሲያጋድል ከሩቅ መለየትን ነው። ይህም ግልቢያ ነው። ይሁን እንጂ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፈረሰኛ የተጻፈው በአብዛኛው ስለዚህ ልጅ አይደለም።

ባልደራስና ፈረስ ቤት

የተጻፈው ስለ ቤተ መንግሥት ፈረሰኛ ነው። በቀድሞው ሥርዐት የነገሥታቱ ፈረሶች የሚጠበቁበት ክፍል ፈረስ ቤት ይባል ነበር፤ የዚህም ኀላፊ ባልደራስ የሚል ማዕርግ ነበረው። ባልደራሱ የጋጣ ዘበኛ ብቻ አልነበረም። የትኛው ፈረስ ለሰልፍ፣ የትኛው ለመንገድ፣ የትኛው ለጦር እንደሚሆን የሚለይ፣ ያልተገራውን የሚያስገራ፣ የታመመውን የሚያገል የባለሙያዎች አለቃ ነበር። ማዕርጉ ቢቀርም ስሙ አልጠፋም። በአዲስ አበባ ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ፤ በጎጃም ደጋ ዳሞትም ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ አለች። በጎንደር በፋሲል ግቢ ውስጥ የፈረስ ጋጣ እንደ ነበረ የሚታወቅ ሕንፃ የሚታይ ሲሆን፣ ከዐፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብም ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ የተቀበረበት ነው እየተባለ በትውፊት የሚነገርለት ትንሽ ሕንፃ ይገኛል።

የመኳንንቱና የፈረሳቸው ቁርኝት እስከ ስም ድረስ የዘለቀ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም በፉከራና በሙገሳ ጊዜ ከሰውየው መጠሪያ ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። ይህ ልማድ በኦሮሞውም በአማራውም በጉራጌውም ዘንድ የታወቀ መሆኑ፣ የፈረስ ባህል የአንድ ወገን ሀብት ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ትምህርቱ የሚሰጠው በጨዋታ መልክ ነበር። የገናና የጥምቀት ሰሞን ሜዳ ላይ የሚካሄደው ጉግስ ለተመልካች ደስታ ቢሆንም ለተጫዋቹ ፈተና ነው። ሁለት ወገን ፈረሰኞች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን እየሸሸ በጋሻው ይከላከላል፤ ሌላው እያሳደደ በትር ይወረውራል። በዚህ ጊዜ ጋላቢው በአንድ እጁ ዛብ፣ በሌላው ጋሻ ወይም በትር ስለሚይዝ ፈረሱን የሚመራው በአብዛኛው በጭኑና በወገቡ ሚዛን ነው። ወደ ኋላ ዞሮ እያየ ወደ ፊት መጋለብን፣ ርቀት መገመትን፣ በድንገት መታጠፍን ይለምዳል። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሽምጥ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች እያንዳንዳቸው በአማርኛ የየራሳቸው ስም ያላቸው መሆኑ፣ ትምህርቱ በደረጃ ይሰጥ እንደ ነበረ ያመለክታል።

መሣሪያውም አስተማሪ ነበር። የጥንቱ ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ ባዶ እግሩን የሚጋልብ በመሆኑ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነበር፤ የሚያስገባበትም አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። በዚህ ዓይነት እርካብ ላይ ሙሉ ክብደትን ጥሎ መቆም አይቻልም። ስለዚህ ጋላቢው ገና ከጅምሩ በሚዛን መቀመጥ ይገደዳል። ቢወድቅም እግሩ በእርካቡ ተይዞ የመጎተት አደጋ ይቀንስለታል። በፈረስ ላይ የሚወጣውም እንደ አውሮፓ ልማድ ከግራ ሳይሆን ከቀኝ በኩል ነበር፤ ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ስለሚታጠቅ ግራ እግሩን አሻግሮ ሲቀመጥ ሰይፉ አያደናቅፈውም። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ልማዶች በየአገሩ የሚሰጠው የግልቢያ ትምህርት ከአለባበስ፣ ከመሣሪያና ከመሬቱ ጠባይ ተነሥቶ የሚቀረጽ እንጂ ከሌላ አገር እንዳለ ተገልብጦ የሚመጣ አለመሆኑን ያሳያሉ።

አጫጁና ጋላቢው

ወደ ጌዴኦ አገር የባለ ሥልጣን ፈረስ በብዛት የገባው የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ደቡቡን ከያዘ በኋላ ነው። በዐድዋ ጦርነት በመድፈኛነት ስማቸው የታወቀው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ ሲዳሞን ሁለት ጊዜ በአገረ ገዥነት ያስተዳደሩ ሲሆን የአገዛዙ መቀመጫም በሲዳማ ደጋ ላይ የምትገኘው ሀገረ ሰላም ነበረች። ያን ጊዜ ደራሳ ይባል የነበረው የጌዴኦ አገር በዚሁ ግዛት ሥር ነበር። ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ከሥልጣን ቢነሡም፣ በእርሳቸውና በሌሎች ገዥዎች ዘመን የተተከለው የገባርነት ሥርዐት ግን ቀጥሏል።

በገባርነት ሥርዐት ገበሬው ከምርቱ በተጨማሪ የጉልበት ግዴታ ነበረበት። ቤት ይሠራል፤ አጥር ያጥራል፤ ጭነት ይሸከማል፤ የጌታውን ከብት ይጠብቃል። ፈረስም ከብት ነውና ሣሩን የሚያጭድለት፣ ውሃ የሚያጠጣው፣ ጋጣውን የሚጠርገው ገባሩ ነው፤ የሚጋልበው ግን ጌታው ነው። ይህ ክፍፍል በግልቢያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ፈረሱን ቀን ከሌሊት የሚያውቀው ሰው፣ አመሉን፣ ሕመሙን፣ የሚወድደውንና የሚፈራውን የሚያውቀው ሰው፣ ኮርቻው ላይ አልወጣም። ኮርቻው ላይ የወጣው ደግሞ በአብዛኛው ከፈረሱ ጋር የሚገናኘው ፈረሱ ተጭኖ ከቀረበለት በኋላ ነበር።

የጌዴኦ ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ በባለ ርስቶቹ ላይ ተነሥተው ብዙ ደም ፈሰሰ። የመሬቱ ሥርዐት የተለወጠው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በጌዴኦ ደጋ ፈረስ የሚያበላውና ፈረስ የሚቀመጠው ሰው አንድ ሆነ። በባንኮ ጎቲቲ ዳገት ላይ ፈረሱን እየሳበ የሚወጣ ገበሬ የዚህ ለውጥ ወራሽ ነው። ፈረሱን ራሱ አጭዶ ያበላዋል፤ ራሱ ይጭነዋል፤ ሲደክም ይቀመጥበታል። አጫጁና ጋላቢው የተገናኙት በእርሱ ላይ ነው።

ከባልደራስ ወደ ሰልፍ ሜዳ

በትምህርት ቤት መልክ የተደራጀ የፈረሰኛ ሥልጠና የመጣው ከሠራዊቱ መዘመን ጋር ነው። በ1922 ዓ.ም. የመጡት የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛውን እግረኛና ፈረሰኛ በአውሮፓ ደንብ ማሠልጠን ጀመሩ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚህ ሥልጠና ግልቢያ በሰዓት የተወሰነ፣ በትእዛዝ የሚካሄድ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ትምህርት ሆነ። ይሁን እንጂ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በአውሮፕላን፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ ሲመጣ፣ ፈረስ በጦር ሜዳ የነበረው ቦታ እያከተመ መሆኑ ታየ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ያገር ተረት የያዘው እውነት በአዲስና በመራራ መልክ ተረጋገጠ።

ከነጻነት በኋላ ፈረሰኛው ለክብር ሰልፍና ለስፖርት ቀረ። ጃን ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ቦታ ሆነ፤ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞችም በበዓላት ቀን ይታዩ ነበር። የከተማው ሰው ፈረስን የሚያውቀው በዓል ሲሆን ብቻ እየሆነ ሄደ። ባልደራሱም፣ በጌታ ቤት የሚያድገው ልጅም፣ በጉግስ የሚፈተነው ጎረምሳም በከተማ ምትክ አልተገኘላቸውም። በክፍያ የሚያስተምሩት የዛሬ ማእከሎች የተወለዱት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ማኅበር እንደ ትምህርት ቤት

የድሮው ትምህርት ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የዘለቀበት አንድ ቦታ አዊ ነው። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዐድዋና በሌሎች ጦርነቶች የተሳተፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ የተቋቋመ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ታላቅ ትርዒት ያሳያል። አባላቱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው። ማኅበሩ ትምህርት ቤት የሚል ስም የለውም፤ ሥራው ግን ትምህርት ቤት ነው። አባል የሚሆን ሰው ፈረስና የፈረስ ዕቃ ይኖረዋል፤ በሠርግና በለቅሶ በፈረሱ ይገኛል፤ ልጁም ከአባቱ ጎን ሆኖ ሥርዐቱን ይለምዳል። የፈረሱ ሁኔታ በጎረቤት ሁሉ ፊት የሚታይ በመሆኑ፣ ፈረሱን ያከሳ ወይም ጀርባውን ያቆሰለ ሰው ነውሩን የሚደብቅበት ቦታ የለውም። ዋናው ተቆጣጣሪ ይህ የሕዝብ ዐይን ነው።

ከባሕር ማዶም የሚመሳሰል ነገር ይገኛል። በቪየና የሚገኘውና ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት፣ ከ1729 እስከ 1735 እ.ኤ.አ. በተሠራው ዝነኛ አዳራሹ ውስጥ የሚከተለው ደንብ ከአዊ ገበሬ ልማድ ጋር ይገናኛል። አዲስ ተማሪ የሚቀመጠው በተማረ አሮጌ ፈረስ ላይ ነው፤ አዲስ ፈረስ ደግሞ የሚሰጠው ለበሰለ ጋላቢ ነው። ተማሪው ለረዥም ጊዜ ዛብም እርካብም ሳይዝ፣ ፈረሱ በገመድ እየተያዘ በክብ ሲዞር ሚዛን መጠበቅን ብቻ ይማራል። የአውራ ጣቱ እርካብ ለአባቶቻችን ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ፈረስ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ኮቴውን እንዲመረምር ይመክራል። ምክንያቱን ሲያስረዳም መሠረቱ ደካማ ከሆነ ቤት ጋር ያመሳስለዋል። ለመሐንዲስ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

የጀርባው ሒሳብ

ታሪኩ የሚሰጠው ትምህርት በቁጥር ሊፈተን ይችላል። የአገራችን ፈረሶች በአካል አነስተኛ ናቸው። በኢትዮጵያ የፈረስ ዝርያዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ስምንት ዓይነት ለይቷል፤ ከእነርሱም የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የካፋና የሰላሌ ይገኙበታል። ብዙዎቹ ከትከሻቸው እስከ መሬት ሲለኩ ከ1 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። በብዙ የግልቢያ ማእከሎች የሚሠራበት መመሪያ ጋላቢውና ኮርቻው በድምሩ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጡ ያዛል። እንግዲህ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ቢወሰድ መሸከም የሚገባው 50 ኪሎ ግራም ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ግራም ቢሆን ለጋላቢው የሚቀረው 42 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ልክ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ ሰው አይበቃም። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው አንድ ጆንያ ቡና እንኳ 60 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

ከክብደቱ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ አቀማመጡ ነው። 50 ኪሎ ግራም በ1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሠራጭ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 50 ግራም ብቻ ነው። ያው ክብደት በተጣመመ የኮርቻ እንጨት ምክንያት በ50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢከማች በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሃያ እጥፍ ማለት ነው። የጀርባ ቁስል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያገራችን ኮርቻ ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ የሚሸፈን ሲሆን፣ በደንብ የተሠራው የጀርባውን አጥንት ሳይነካ በግራና በቀኝ ሥጋ ላይ ያርፋል። ከሥሩ የሚነጠፈው ልብስ ከጎደለ ወይም እንጨቱ ከፈረሱ ጀርባ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ ግን የሠሪው ጥበብ ከንቱ ይሆናል።

መሬቱም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ቆሞ ያለ ፈረስ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ይህ ድርሻ ይጨምራል፤ ጭነቱም ወደ ትከሻው ይንሸራተታል። ስለዚህ በባንኮ ጎቲቲ ዓይነት መሬት ላይ ልምድ ያለው ሰው ቁልቁለት ሲደርስ ከፈረሱ ይወርዳል። የሜዳ ጋላቢ ይህን እንደ ድክመት ሊያየው ይችላል፤ የመካኒክስ ሕግ ግን የገበሬውን ወገን ይዟል።

በመጨረሻም የጤናው ነገር አለ። በአገራችን ፈረስን ከሚፈጁት በሽታዎች አንዱ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ሲሆን፣ የሚተላለፈው በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ነው። ዝንቦቹ የሚበዙት ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቦታ፣ በተለይም ከማታ እስከ ንጋት ስለሆነ ደጋው ለፈረስ የተሻለ መጠጊያ ነው። መከላከያ ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። በቆላና በወይና ደጋ የሚከፈት የግልቢያ ማእከል ክትባትና የሌሊት ጋጣ ከሌለው ፈረሶቹን በየዓመቱ በሌላ እየተካ የሚኖር እንጂ የሚያሳድግ አይሆንም።

የምርጫው መመዘኛ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። መጀመሪያ፣ ጥሩ ጋላቢ የወጣው ከጥሩ ሕንፃ ሳይሆን ፈረሱን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ሁለተኛ፣ የተለያየ መሬት የተለያየ ግልቢያ ይወልዳል። ሦስተኛ፣ የሚያበላውና የሚጋልበው ሰው ሲለያዩ የሚጎዳው ፈረሱ ነው፤ ፈረሱ ሲጎዳም ተማሪው ለአደጋ ይጋለጣል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ኮርቻ ሲነካው ይራገጣል፤ ያልታወቀበት ሕመም ያለው ፈረስ ያለ ምክንያት የሚደነብር ይመስላል። የወደቀው ልጅ ወላጅ «ፈረሱ ክፉ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የፈረሱ አይደለም።

ስለዚህ መራጩ ከዋጋው አስቀድሞ ጋጣውን ማየት ይገባዋል። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኮቴው የተስተካከለ፣ ጋማው የተበጠረ፣ የጎድኑ አጥንት ያልተቆጠረ መሆኑን መመልከት ቀላል ነው። አንድ ፈረስ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ ባለቤቱ ወዲያው መመለስ ካልቻለ፣ አልቆጠረውም ማለት ነው። አስተማሪውም በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን ሽምጥ የሚያስጋልብ ከሆነ ለትርዒት እንጂ ለትምህርት አልተዘጋጀም። ተማሪውን ከመቀመጡ በፊት እንዲያጥብ፣ እንዲያበላና እንዲስብ የሚያደርግ አስተማሪ ግን በድሮው ዘመን የተለያዩትን አጫጁንና ጋላቢውን በአንድ ሰው ላይ እያገናኘ ነው።

ይህ መመዘኛ በባንኮ ጎቲቲ ላይ ሲውል ልዩ መልክ ይይዛል። በዚያ የግልቢያ ማእከል ቢታሰብ የጃን ሜዳ ዓይነት ሜዳ ለማግኘት እንሰትና ቡና መንቀል ግድ ይሆናል፤ ያ ማለት ጎብኚው ሊያየው የመጣውን ነገር ለጎብኚው ሲባል ማጥፋት ነው። የግጦሽ መሬትም ስለሌለ እያንዳንዱ ፈረስ በሰው እጅ ታጭዶ በሚቀርብ ሣርና በእንሰት ቅጠል መኖር አለበት። ስለዚህ የፈረሱ ቁጥር በሚታጨደው መኖ ልክ፣ የጋላቢውም ክብደት በፈረሱ አቅም ልክ ይወሰናል። ለዚህ መሬት የሚስማማው ትምህርት የመንገድ ግልቢያ ነው፤ በእርምጃ የሚካሄድ፣ ዳገት ላይ የሚታገሥ፣ ቁልቁለት ላይ ከፈረስ የሚወርድ። አስተማሪውም ከሩቅ መምጣት አያስፈልገውም፤ በለቀማ ወራት እሸት ቡና ጭኖ በጭቃ የሚወርደው ገበሬ ትምህርቱን ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ማንም አስተማሪ ብሎ ስላልጠራው ግን ደመወዝም ማዕርግም የለውም። መኪና የሚያስገባው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ በገባ ቁጥር የጭነት ፈረስ ሥራ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ይህ ዕውቀት ተቀባይ ካላገኘ ከገበሬው ጋር ያከትማል።

እንግዲህ ልጁን ይዞ ከአንድ የግልቢያ ማእከል ደጃፍ የሚቆም ወላጅ፣ ማእከሉ በአዲስ አበባም ይሁን በዲላ መንገድ ላይ፣ አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ ሲቀርብለት ኮርቻው እንዲወርድ ይጠይቅ። ከኮርቻው ሥር ያለው ጀርባ ጠጉሩ የለሰለሰና ቁስል የሌለበት ከሆነ፣ ኮርቻውን ያወረደውም ሰው ፈረሱን በስሙ እየጠራ የሚዳስሰው ከሆነ፣ ፈረሱና ሜዳው ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪውም ተገኝቷል ማለት ነው። ኮርቻውን ለማውረድ የሚያመነታ ባለቤት ካጋጠመው ግን ሜዳው የቱንም ያህል ቢያምር ልጁን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።